የፌስታል ዛፍ፦ ያልተዘመረለት ኩራታችን

ከአያት ወደ ጣፎ ስትወጡ ዳር ዳሩ ላይ ያለውን ግራር ልብ ብላችሁ እዩት። ያ የሚርገበገበው ቅጠል መስሏችሁ እንዳትሸወዱ። የፌስታል ዛፍ ነው። የዕፅዋት ሊቃውንት እስካሁን መዝገብ ላይ አላሰፈሩትም። ቅናት መሆን አለበት።

አደይ አበባን ሰው በከንቱ ያወድሳታል። መስከረም ላይ ብቅ ትልና ወዲያው የለችም። የእኛው ግን ዓመቱን ሙሉ ያብባል፤ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ፣ እንደየሱቁ። በጋ ላይ ንፋስ ሲነሳማ ቁልቋሉም፣ የሽቦ አጥሩም፣ የመብራት ገመዱም አብሮ ያብባል።

ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን ከመጣ ወዲህ “ውሃ ይመጥጣል” እየተባለ ሲታማ ኖሯል። ይኼኛው ጠብታ አይነካም። እንዲያውም ቱቦ ውስጥ ሥር ሰዶ የክረምቱን ጎርፍ እስከ ደጃፋችን ያደርስልናል።

ለከብትም መኖ ነው። ያውም የማያልቅ መኖ፤ አንዴ ከተዋጠ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። አንድ በዓል ላይ የቅርጫ በሬ ጨጓራ ሲከፈት ተጠቅልሎ ሲወጣ አይቻለሁ። አንዱማ ማንጠልጠያው እንኳ አልተበጠሰም። ታጥቦ ቢሆን መደባችንን ይዘንበት እንገባ ነበር።

ታዲያ ጠላት አላጣም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ስስ ዝርያ ከለከለ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ ጭራሽ ፌስታል ይቅር ብሎ ሕግ አጸደቀ። ዛፉ ምን አደረገ? ባንኮኒ ሥር ገባ። በቀደም ሽንኩርት ስገዛ ባለሱቁ ግራ ቀኝ አየና አንዲት ጥቁር መዘዝ አደረገልኝ። ቤቴ ሁለት ዘንቢል አለ። ያው ተቀበልኩ።

ዋናው ግን አዘራሩ ነው። ሰሞኑን ሚኒባስ ውስጥ ተጠቅጥቀናል። ሙቀቱ አይጣል ነው። አንድ ልጅ “መስኮት ክፈቱ እንጂ” ቢል “ብርድ ልታስመታን ነው?” ብለው ከኋላ ጮኹበት። ልጁ ዝም አለ።

ጣፎ ልንደርስ ስንል አጠገቤ የነበሩት እናት ቆሏቸውን ጨረሱ። ባዶዋን ፌስታል ጨበጥ አድርገው “የኔ ልጅ፣ እስቲ መስኮቱን” አሉኝ። ከፈትኩ። ማንም አልጮኸም። ፌስታሏ አየር ላይ ተገለበጠች፣ ተነፋች፣ ሄዳ ከግራሩ እሾህ ላይ አረፈች።

“በል ቶሎ ዝጋው፤ ብርድ ይገባል።”