መድህኑ ይሸፍናል፣ ግን የለም

ከጤና መድህን ላይ አገልግሎት እንዴት እንደሚቀነስ ልንገራችሁ? ስብሰባ የለው፣ ማስታወቂያ የለው። መስኮት ላይ "የለም" ትባላለህ፣ አለቀ።

እናቴ ስኳርም ግፊትም አለባት። የምንኖረው ከአያት አልፎ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ነው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን (ማዐጤመ) ካርዷ ታድሷል፣ መዋጮው ተከፍሏል። የእድሳት ሰሞንማ የወረዳ ሰዎች ብሎክ ለብሎክ እየዞሩ በር ያንኳኳሉ፤ ያኔ የሚጠፋ ሰው የለም። ሰሞኑን ሐኪሟ የሶስት ወር አማካይ የደም ስኳሯ ይታይላት ብላ ጻፈችላት። ጤና ጣቢያው ላብራቶሪ ስንደርስ ልጁ ወረቀቱን በቅጡ እንኳ ሳያይ "ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) የለም፣ ውጪ አሠሩት" አለን። ውጪ ማለት ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለው የግል ላብራቶሪ ነው፣ በጥሬ ብር። ከዚያ ፋርማሲ ሄድን። ከታዘዘላት አንዱን ሰጥተው በሌሎቹ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "የለም" ብለው ማዘዣውን መለሱልን። እናቴ እያገላበጠች "ታዲያ ካርዱ ለምኑ ነው?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ደረሰኝ ያዙ ይሉሃል። ለመያዝማ ይዘናል፣ መሳቢያው ሞልቷል።

ባለሙያዎቹ ላይ አልፈርድም፣ እነሱም ቀኑን ሙሉ ሲሰደቡ ነው የሚውሉት። ጤና ጣቢያው መጀመሪያ ያክማል፣ ሂሳቡን በኋላ ከመድህኑ ያወራርዳል። ያ ክፍያ ሲዘገይ መድኃኒት መግዣ ያጥረዋል፣ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፣ ዕዳው ደግሞ ዞሮ ዞሮ እኛ ኪስ ውስጥ ይገባል። ይሄ መድህን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ዓላማው እኮ ሰው ሲታመም ከኪሱ እንዳያወጣ ነበር!

መነጽር አይሸፈንም፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ አይሸፈንም። እሺ። እሱ ተጽፏል፣ አውቀን ነው የገባነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ወረቀት ላይ "ይሸፈናል" ተብሎ መስኮት ላይ የሚጠፋው ነው፣ ምክንያቱም ይሄ ተቀንሷል ብሎ የፈረመ ሰው ስለሌለ አቤት የምትልበት ቦታም የለም። መድህን ቢሮ ስትሄድ ጤና ጣቢያውን ጠይቁ፣ ጤና ጣቢያው ስትመለስ መድህኑን ጠይቁ። መሀል ላይ አንዲት ጉልበቷን የሚያማት ሴት በታክሲ ትመላለሳለች።

ስለዚህ ወረዳዎች፣ የለም የምትሉትን ምርመራና መድኃኒት በየወሩ ጽፋችሁ በር ላይ ለጥፉልን፣ ቢያንስ የታክሲውን እናትርፍ። ለሚቀጥለው እድሳት በራችንን ስታንኳኩም ያንን ዝርዝር ይዛችሁ ኑ፣ እሱን አይተን እንከፍላለን።