ከመድረክ ጀርባ የቀረ ጥያቄ

የጃዝ ባለሙያዎች ወደ ደሴ የሚመጡት ከስንት አንዴ ነውና፣ ዝግጅቱን እንደሰማሁ ከኮምቦልቻ ተነሥቼ የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት በሚኒባስ ወጣሁ። ሙዚቃው ካሰብሁት በላይ ነበር፤ በተለይ ሳክስፎን ተጫዋቹ ስሙን ከወሎ ምድር የወረሰውን አምባሰልን ሲጫወት፣ ባለ አምስት ድምፁ ቅኝት ከኮርዶቹ (በአንድ ጊዜ ተጣምረው ከሚሰሙት ድምፆች) ጋር ተዋድዶ ጠባዩን አለመልቀቁ አስደነቀኝ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ የደከመበት ነገርም ይኸው ነው። ሳክስፎን ተጫዋቹን ልጠይቀው የፈለግሁት ይህንኑ ብቻ ነበር፤ ኮርዶቹ ቅኝቱን እንዳይውጡት በምን ዘዴ ይጠብቀዋል?

ነገር ግን ከመድረክ ጀርባ በዚያ የደሴ ብርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ ሙዚቃው እየተጫወተ ሲያወሩ ያመሹ ሰዎች የአዘጋጆቹ ወዳጆች በመሆናቸው ብቻ እየገቡ ፎቶግራፍ ተነሥተው ሲወጡ፣ እኔን ጥበቃው «ስምህ ዝርዝሩ ላይ የለም» እያለ ደጋግሞ መለሰኝ። (ጥበቃውን አልወቅሰውም፤ የታዘዘውን ፈጸመ።) በመጨረሻ ሳክስፎን ተጫዋቹ ሲወጣ ሰላምታዬን ሰምቶ ቆም ሊል ሲል፣ አንድ አስተባባሪ ክንዱን ይዞ መኪና ውስጥ አስገባው።

አምባሰልን በሠርጉም በለቅሶውም እየሰማ ላደገ አድማጭ አሥር ደቂቃ መመደብ ይህን ያህል ይከብዳል? እኔ ፎቶግራፍ አልፈለግሁም።