የፊዚክስ መምህሩ መሳቢያ

ማስተማር ስጀምር በተመደብኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ስታፍ ውስጥ ጥግ ላይ ያለችው ጠረጴዛ የሳቸው ናት። መሳቢያዋ አይቆለፍም፤ ቁልፉ ከጠፋ ቆይቷል። ውስጡ ጠመኔ፣ ማስመሪያ፣ የተፈታታ ቮልትሜትርና ሁልጊዜም ሰባት ስምንት መጻሕፍት አይጠፉም። ከመጻሕፍቱ ላይ ደግሞ አንዲት ስስ ደብተር። የሚወስድ ሰው ስሙንና ቀኑን ይጽፋል፤ ሲመልስ ጋሼ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዙታል።

በመጀመሪያው ሳምንት ነው የጠሩኝ። «አንቺ የአማርኛዋ፣ ነይ እስኪ። በቅርቡ ምን አነበብሽ?»

ደነገጥኩ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ወዲህ ከመማሪያ መጽሐፉና ከመምህሩ መምሪያ ሌላ የገለጥኩት ነገር የለም። የምለው ሲጠፋኝ ሁሉም ሰው የሚጠራውን አንድ ትልቅ መጽሐፍ ጠራሁ። ሳቁብኝ። «እሱንማ ማን የማያውቅ አለ? በቅርቡ ያነበብሽውን ነው የጠየቅኩሽ።» ከዚያ ከመሳቢያው አንዱን አወጡልኝ። «የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ገጾች ታገሺው። ከዚያ ወዲያ ካልያዘሽ መልሽው፤ አልቀየምሽም።»

ስለ መጽሐፍ ጥቆማ ሳስብ ሁሌም የምመለሰው ወደዚያች «ሃምሳ ገጽ ታገሺው» ወደምትለው ንግግር ነው። መጽሐፉን ያላነበበ ሰው እንዲህ ሊል አይችልም። የት ላይ እንደሚከብድ፣ የት ላይ እንደሚፈታ ያውቃሉ።

አሁን አሁን መምህራን መጽሐፍ ስንጠቋቆም ነገሩ ሌላ ነው። አንዱ «ለ9ኛ ክፍል የሚሆን ልብ ወለድ ጠቁሙኝ» ይላል። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሃያ ርዕስ ይወርድለታል። ስለ ምን እንደሆነ የሚናገር የለም። ስንት ገጽ ነው? የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ይገፋዋል ወይ? ክፍል ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲነበብ መምህሩን ላብ በላብ የሚያደርግ ቦታ አለው ወይ? ዝም። ጠቋሚዎቹን አንድ በአንድ ብንጠይቃቸው ግማሾቹ አላነበቡትም ብዬ እጠረጥራለሁ። የምጠረጥረው እኔም ስላደረግኩት ነው።

እኔ የምለው አጭር ነው። መምህር ያላነበበውን መጽሐፍ አይጠቁም፤ ለተማሪም፣ ለባልደረባም። ያነበበው ሦስት ብቻ ከሆነ ሦስቱን ይጥቀስ። ሦስት ከበቂ በላይ ነው።

የሀዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ከዝርዝሩ አናት ወርዶ አያውቅም። ይገባዋል። ግን ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ነው። «አንብቤዋለሁ» ከሚለውም ሰው ብዙው እውነቱን ከተናገረ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ነው። እናቴ አንዷ ናት። መጽሐፉን በእጇ ይዛ አታውቅም፤ ጉዱ ካሣን ግን እንደ ጎረቤት ነው የምታወራው። ታዲያ ይህን ድርሳን የሚያክል መጽሐፍ ለ9ኛ ክፍል ልጅ «ሂድና አንብብ» ብሎ መስጠት ጥቆማ ነው ወይስ ቅጣት?

አንድ ዓመት እናቴ መጽሐፉን ያወቀችበትን መንገድ ሞከርነው። ትምህርት ቤታችን እንደማንኛውም ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ አለው፤ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ አንድ ጥሩምባ ድምፅ ማጉያ። በእረፍት ሰዓት ዘፈን ነበር የሚለቀቅበት። አንዲት ድምፀ መልካም የ10ኛ ክፍል ልጅ መረጥንና ጉዱ ካሣ ያለበትን ያለበትን በቀን አሥር ደቂቃ እንድታነብ አደረግን። ለምን «ጉዱ» እንዳሉት፣ የባላባቱን ወግ ፊት ለፊት ስለተቸ እንዴት እንደ እብድ እንደተቆጠረ። ክፍል ውስጥ ደግሞ በዛብህ ሰብለን ሊያስተምራት ገብቶ ነው ፍቅሩ የሚጀምረው ብዬ ስነግራቸው የኋላ ወንበር ወንዶች ተሳሳቁ። በሁለተኛው ሳምንት «ቲቸር፣ ቀጥሎስ?» የሚል መጣ። ቤተ መጻሕፍቱ የነበረው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ጋሼ የራሳቸውን ጨመሩ፤ ዓመቱ ሲያልቅ ጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ታሽጎ ተመለሰላቸው። ደስ ብሏቸው ለሁላችንም አሳዩን።

የዚህ ተቃራኒው «የመጽሐፍ ግምገማ፣ 10 ማርክ» የሚሉት ነገር ነው። ተከታታይ ምዘና ስለሚፈልገው ሰጥቻለሁ፤ አልዋሽም። አንድ ጊዜ ሦስት ልጆች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ወረቀት አስረከቡኝ። ሁሉም የጀርባ ሽፋኑን ነው የገለበጡት። አንደኛው እንዲያውም ተሳስቶ ዋጋውንም ጨምሮ ጽፎታል። ልጆቹን መቆጣት አልቻልኩም። እኔም ስጠቁማቸው ከጀርባ ሽፋኑ የዘለለ ነገር አልነገርኳቸውማ።

ጋሼ ማርክ አይሰጡም፤ ፊዚክስ ነው የሚያስተምሩት። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ግን አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ። አንድ ቀን እንዲህ ብለው አወሩላቸው፦ በደርግ ጊዜ ነቢይ መኮንን የሚባል ወጣት ማዕከላዊ ታስሮ ነበር። እዚያ እስር ቤት «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ አንድ ወፍራም የአሜሪካ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ተረጎመ። ወረቀት የለም፤ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነው፣ ሦስት ሺህ በሚሆን ቁርጥራጭ። ቁርጥራጩ እየተደበቀ ከእስር ቤት ወጣና በኋላ ተሰብስቦ መጽሐፍ ሆነ። ደወል ተደወለ። ጋሼ ጠመኔያቸውን ሰብስበው ወጡ። «አንብቡ» አላሉም። በማግስቱ አምስት ልጆች ስታፍ በር ላይ ቆመው «ያ የሲጋራው መጽሐፍ አለ?» ይሉ ነበር።

አስቸጋሪው ነገር መጽሐፍ የሚያነብ መምህር ሥራ ፈት መምሰሉ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 3.2። ከዚያ ወዲህ ስታፍ ውስጥ ወሬው ሁሉ ወርክሺት፣ ሞዴል ፈተና፣ የቅዳሜ ቱቶሪያል ነው። ልብ ወለድ ይዘህ ብትቀመጥ በጎሪጥ ይታያል። እኔ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስለኛል። ረጅም ጥያቄ አንብቦ መረዳት ያቃተው ልጅ ላይ ሌላ መቶ ጥያቄ መጫን ምን ይረባል? ችግሩ ደግሞ ከታች ነው የሚጀምረው። በ2002 ዓ.ም. በተደረገው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። ለነሱ መምህር የመጽሐፍ ርዕስ አይደለም የሚጠቁማቸው፤ ቁጭ ብሎ ያነብላቸዋል።

ቤተ መጻሕፍትስ? ይኖራል፣ ግን የተቆለፈ ነው። የአንድ ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ለምን መጽሐፍ እንደማታውስ ስጠይቃት ያለችኝን አልረሳም። «እህቴ፣ በሞዴል 19 ፈርሜ ነው የተረከብኩት። አንዱ ቢጠፋ ከደሞዜ ነው የሚቆረጠው።» እውነቷን ነው። መጽሐፍ እንደ ወንበርና እንደ ጄኔሬተር ቋሚ ንብረት ሆኖ ከተመዘገበ ጠባቂ እንጂ አዋሽ አይኖረውም። መጽሐፍ ተነቦ ያልቃል፣ ይቀደዳል፣ ይጠፋል። ከመቶው አሥሩ ቢጠፋ የሚያስጠይቅ መሆን የለበትም። ይህን አንድ ሰርኩላር ይፈታዋል፤ ሕንፃ አይጠይቅም።

መምህሩ ለራሱ የሚያነበው ነገር ደግሞ የኪስ ጉዳይ ነው። አንድ ልብ ወለድ አራት መቶ፣ አምስት መቶ ብር በገባበት ጊዜ፣ የቤት ኪራይ ያለበትን መምህር «ለምን መጽሐፍ አትገዛም» ማለት ቀልድ ነው። በዚህ ምክንያት ፒዲኤፍ እንቀባበላለን። ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል፤ ደራሲውም ዳቦ ይበላል።

እኛ ስታፍ ውስጥ ያገኘነው መላ እቁብ ነው። የመጽሐፍ እቁብ። አሥራ ሁለት መምህራን በወር መቶ መቶ ብር እናዋጣለን። እጣ የወጣለት ሰው በራሱ ምርጫ ሁለት ወይም ሦስት መጽሐፍ ይገዛል፣ አንብቦ ለቀጣዩ ያስተላልፋል። ግዴታው አንድ ነው፤ ሻይ ሰዓት ላይ ቆሞ ስለ መጽሐፉ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይናገራል። «አልወደድኩትም» ማለት ይፈቀዳል። እንዲያውም ከሁሉ የሚደመጠው እሱ ነው፤ አንዱ አልወደድኩትም ሲል ሌላው ለክርክር ብሎ ያነበዋል።

የመጀመሪያው እጣ ለሒሳብ መምህራችን ወጣ። እኔ ደግሞ ጠርጥሬ ነበር፣ ምን ይዞ ይመጣ ይሆን ብዬ። የዶሮ እርባታ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ስታፉ በሳቅ ፈረሰ። «እቁቡ ለሥነ ጽሑፍ ነው» ብዬ ልከራከር ስል የባዮሎጂዋ መምህርት ነጥቃ ወሰደችው። ከዚያ ስፖርት መምህሩ፣ ከዚያ ዩኒት ሊደሩ። እስካሁን እንደዚያ መጽሐፍ የተነበበ የለም፤ ሁለት መምህራን ጫጩት ገዝተዋል። እኔም አንብቤዋለሁ። ስለ ክትባቱ የሚያወራው ምዕራፍ አሪፍ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰው ምን ማንበብ እንዳለበት መንገር ተውኩ። ለክፍል የሚሆነውንና ለራስ የሚሆነውን መለየት ግን አልተውኩም። እኔን ሌሊት ያስነጋኝ መጽሐፍ ለ9ኛ ክፍል ላይሆን ይችላል፤ ለአንባቢ ልጅ ብቻውን የሚሰጥ አለ፣ ለስልሳ ልጅ ጮክ ተብሎ የሚነበብ አለ። ይህን የሚለየው ያነበበው ሰው ነው።

በዚህ ወር እጣው ለጥበቃችን ወጣ። አዎ፣ ጋሼ ጥበቃውም ገብተዋል፤ በር ላይ ቁጭ ብለው ሲያነቡ አይተናቸው እኛው ነን የጋበዝናቸው። «ዓይኔ ደክሟል፤ ፊደሉ ትልልቅ የሆነ፣ ደግሞ የሚያስቅ ፈልጉልኝ» ብለውናል። ሁለት ቅዳሜ መጽሐፍ አዟሪዎቹ ጋ ዞሬ አላገኘሁም። የምታውቁት ካለ ጻፉልኝ፤ ያነበባችሁት ከሆነ ብቻ።