ካርቶኑን በር ላይ ጥላችሁ አትሂዱ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር የሚለው ቅር ይበለው።

ጠዋት የእንስሳት መጠለያችንን በር ስከፍት ደፉ ላይ ካርቶን ተቀምጧል። አፉ በፕላስተር ታሽጎ፣ ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ የተበሱ ሦስት ቀዳዳዎች አሉት። ይበልጥ የተናደድኩት ቀዳዳዎቹን ሳይ ነው። ያመጣቸው ሰው ጨካኝ ቢሆን ኖሮ ባልገረመኝ፤ ይሄ ግን አየር እንዳያጥራቸው ያሰበ ሰው ነው። አስቦ፣ በስቶ፣ ተሸክሞ አምጥቶ፣ አስቀምጦ ሄደ። ውስጡ አምስት የድመት ልጆች ነበሩ። ዓይናቸው ገና አልተከፈተም። አንዷ ደርቃለች።

ዓይኑ ያልተከፈተ የድመት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ቢበዛ ሁለት ሳምንት ቢሆነው ነው። ሌሊቱን ጨምሮ በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ጡጦ ይፈልጋል። ያውም የላም ወተት አይሆነውም፣ ያስቀምጠዋል፤ ለድመት ልጆች ተብሎ የተሠራ የዱቄት ወተት ነው የሚበጠበጥለት። ራሱን ማሞቅ ስለማይችል ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልዬ አጠገቡ አኖራለሁ። ሽንቱን እንኳ ብቻውን አይሸናም። እናቱ ናት እየላሰች የምታሸናው። እናት ከሌለች እኔ ነኝ፣ ለብ ባለ እርጥብ ጥጥ እያሸሁ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በአንድ ዓይኔ ተኝቼ።

እናትየዋስ? ይሄን የሚጠይቀኝ ሰው የለም።

እሷ አሁን ጡቷ በወተት ተወጥሮ የሆነ ግቢ ውስጥ እየጮኸች ትፈልጋቸዋለች። ለጥቂት ቀን ትጮኻለች፣ ከዚያ ዝም ትላለች። ድመት ከወለደች በኋላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናዋ ሁለት ወር ገደማ ነው። አስሉት እንግዲህ፤ የሚቀጥለው ካርቶን መቼ እንደሚመጣ እናንተም እኔም እናውቃለን። ከዚህኛው ውስጥ የተረፉት ሴቶችም ካልመከኑ ከአራት አምስት ወር ጀምሮ ለማርገዝ ይደርሳሉ።

አምክኗት ስላችሁ «ተፈጥሮዋን እንዴት እንነካለን» ትሉኛላችሁ። ልጆቿን ካርቶን ውስጥ አሽጎ መጣልስ ተፈጥሮ ነው እንዴ? «ቢያንስ አንዴ ትውለድ፣ ለጤናዋ ነው» የምትሉም አላችሁ። አይደለም። ሴት ውሻም ሆነች ሴት ድመት ጤነኛ ለመሆን መውለድ አያስፈልጋትም። ማንኛውንም የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ።

የውሻው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ቡችላ ሆኖ ታቅፋችሁ ፎቶ የተነሳችሁት ውሻ አደገ፣ ጫማ በላ፣ ቤት ቀየራችሁ፣ ልጅ ተወለደ። ከዚያ ወደኛ። ባለፈው አንዲት ቡናማ ውሻ ገመዷ ከበራችን ጋር ታስሮ ተገኘች። ውሻ በበላበት ይጮኻል ትላላችሁ አይደል? ይህችኛዋ አልጮኸችም። ምግብ ስናቀርብላት ፊቷን አታዞርም፣ ዓይኗ በሩ ላይ ነው። መኪና ባለፈ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል። ድምፁ ሲርቅ መልሳ ታጥፈዋለች። ሳምንት ሙሉ እንደዚህ።

ሌሊት ቡችላ በአጥር የምትወረውሩ ሰዎች፣ እናንተን እንኳ ምን ልበላችሁ። ፓርቮ የሚባል ቫይረስ አለ፤ ያልተከተበ ቡችላን ደም እያስቀመጠ በቀናት ውስጥ ይገድላል። አፈር ላይ ለወራት፣ አንዳንዴ እስከ ዓመት ይቆያል። ተራ ሳሙና አይገድለውም፤ ቆሻሻውን ጠርጋችሁ በረኪና ካላሳረፋችሁበት በስተቀር። ለዚህ ነው አዲስ የሚገባውን እንስሳ ሁለት ሳምንት ያህል ለብቻው የምናቆየው። እናንተ የወረወራችሁት ቡችላ ግን ሲነጋ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሳህን ላይ ይገኛል። አንዱን አዳንን ብላችሁ ተኝታችኋል፤ እኛ ደግሞ ስንት እንደምንቀብር እየቆጠርን ነው።

«ቦታ የለንም» ስንል ክፉዎች እንባላለን። እውነቱን ልናገር፣ እኛም ጥፋት አለብን። እምቢ ማለት አቅቷቸው፣ ለሃያ በሚሆን ግቢ ስልሳ ውሻ አጉረው እርስ በርስ ሲነካከሱ የሚያዩ መጠለያዎች አሉ። ይሄ ርኅራኄ አይደለም። እኔም አንድ ሰሞን እዚያ ደርሼ ስለነበር ነው የማወራው። ሜሪ ቲልቢ የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1860 ለንደን ውስጥ የባዘኑ ውሾችን መሰብሰብ ስትጀምር ቤቱን የጠፉና የተራቡ ውሾች «ጊዜያዊ» ማረፊያ ነው ያለችው። ጊዜያዊ የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ከእኛ ዘንድ እየወሰደ የሚያሳድግ ሰው ከሌለ መጠለያ መጋዘን ነው የሚሆነው።

«መርዝ ሰጥቶ መገላገል ነው» የምትሉትን ደግሞ አልረሳኋችሁም። እብድ ውሻ በሽታን ፈርታችሁ ከሆነ ፍርሃታችሁ ልክ ነው፤ ሰው ላይ የሚደርሰው 99 በመቶው ከውሻ ነው። መርዝ ግን አያጠፋውም። በሞቱት ቦታ ሌሎች ይገባሉ፣ ያውም ያልተከተቡ። በሽታው የሚቆመው ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ ሲከተቡ ነው። የተከተበ፣ የመከነ፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ውሻ ለናንተም አጥር ነው፣ እሱን ነው የምትገድሉት። የተነከሰ ሰው ካለ ደግሞ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ ይጠብና ቶሎ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ ነገ እሄዳለሁ አይባልም።

አራቱ የድመት ልጆች አሁን ጡጦ ይይዛሉ። አንዱ ነጠብጣብ ያለበት ሆዳም ነው፣ የሌሎቹን ካልቀማ አይጠግብም።

ካርቶኑን ያመጣችሁ ሰው፣ ይሄን እንደምታነቡት አውቃለሁ። ስማችሁን አልጠይቅም፣ አልሰድባችሁም (ከሰደብኳችሁ በላይ ማለቴ ነው)። እናትየዋ ያለችበትን ግቢ ብቻ ንገሩኝ። ማጥመጃውን ይዤ ራሴ እመጣለሁ።