እርማት፦ «ቃሉ ካልተገኘ ኖት ጊቭን ነው» የሚለው ምክር ልክ አይደለም

«አይኤልትስ ሪዲንግ ላይ የጥያቄው ቃል ምንባቡ ውስጥ ከሌለ ዝም ብላችሁ ኖት ጊቭን በሉ» የሚለው ምክር ነጥብ ያስጥላል። አይኤልትስ የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ነው፤ በንባብ ክፍሉ (ሪዲንግ) የጥያቄው ዓረፍተ ነገር ከምንባቡ ጋር ከተስማማ ትሩ፣ ከተቃረነ ፎልስ፣ ምንባቡ ካልተናገረው ኖት ጊቭን ይባላል። ፈተናው ሆን ብሎ ቃላቱን ይቀይራል፤ መፈለግ ያለበት ሐሳቡ ነው።

ምንባቡ «እስከ 1960 ድረስ ድልድዩን የሚሻገር ሁሉ ይከፍል ነበር» ይላል እንበል። ጥያቄው «ድልድዩ ከተከፈተ ጀምሮ መሻገሪያው በነጻ ነው» ካለ፣ «ነጻ» የሚል ቃል የትም ባይኖርም መልሱ ፎልስ ነው፤ ምንባቡ ተቃራኒውን ተናግሯል። «ክፍያው የቀረው ሕዝቡ ስላማረረ ነው» ካለ ግን ኖት ጊቭን ነው። ክፍያው ተጠቅሷል፣ ምክንያቱ የለም። ጎበዝ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ «መቼም ሳያማርሩ አይቀሩም» ብሎ ከራሱ ይጨምራል።

ስትለማመዱ ፎልስ ባላችሁ ቁጥር የሚቃረነውን ዓረፍተ ነገር አስምሩበት። የሚሰመርበት ካጣችሁ ፎልስ አይደለም። ኦል፣ ኦንሊ፣ ሰም የሚሉትንም አክብቡ፤ ትሩ የሚመስለውን የሚገለብጡት እነሱ ናቸው።

እነዚህ ጥያቄዎች የምንባቡን ቅደም ተከተል ይከተላሉ። የ3ኛውና የ5ኛው መልስ ከተገኘ 4ኛውን በመካከላቸው ፈልጉ፤ ከሌለ ኖት ጊቭን ብላችሁ እለፉ። ለ40 ጥያቄ ያለው 60 ደቂቃ ብቻ ነው፤ በወረቀት እንደሚሰጠው የማዳመጥ ክፍል (ሊስኒንግ) ለመልስ መገልበጫ 10 ደቂቃ አይጨመርም።

«የተሳሳተ መልስ ነጥብ ይቀንሳል» የሚባለውም ውሸት ነው፤ ባዶ አትተዉ። መመሪያው «የስ» እና «ኖ» ካለ ደግሞ ትሩና ፎልስ ብላችሁ አትጻፉ።