ቹንቾን ያለው «ኢትዮጵያ ቤት» ምን አጠፋ?

ሰሞኑን የደቡብ ኮሪያው «ኢትዮጵያ ቤት» የተባለው ቡና ቤት ፎቶ በየገጹ ሲዞር ነበር። ከሥሩ የተጻፈ አንድ አስተያየት አናደደኝ። «ንጉሠ ነገሥቱን በቡና ቤት ማስታወስ ስድብ ነው፤ ነጋዴ የሚያተርፍበት ቤት ቅርስ አይባልም» ይላል።

በመጀመሪያ፣ ቡና ቤት ሲባል ድራፍት የሚቀዳበት አይደለም! ቹንቾን ከተማ፣ መናፈሻው አጠገብ፣ ውሃ ዳር ያለ ቡና የሚቆላበት ቤት ነው። ጃንሆይ ግንቦት 1960 ዓ.ም. እዚያ ሄደው በኮሪያ ጦርነት ከደቡብ ኮሪያ ጎን የተሰለፉትን የቃኘው (የኢትዮጵያ ጦር) ዘማቾች ሐውልት መረቁ። ከወራት በኋላ፣ በ1961፣ ከሐውልቱ አጠገብ ይህ ቤት ተከፈተ። ስሙንም ያወጡለት እሳቸው ናቸው ይባላል። ታዲያ ስድቡ የቱ ጋ ነው?

«ንግድ ነው» ላልከው፣ አዎ፣ ንግድ ነው። ደግነቱም እሱ ነው። ሐውልት በዓመት አንዴ የአበባ ጉንጉን ይቀመጥለታል፤ የቀረውን ጊዜ ለዝናብና ለእርግብ ይተዋል። ቡና ግን ካልተቆላ ደንበኛ የለም። በሩ በየቀኑ መከፈት አለበት። ስሙን ያየ ሰው ሁሉ «ለምን ኢትዮጵያ?» ማለቱ አይቀርም። መልሱ በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ወደዘመቱት ልጆች ይወስደዋል። የትኛው ድንጋይ ነው ይህን የሚሠራው?

እስቲ 1967ን አስቡት። ጃንሆይ ከዙፋን ወረዱ። ቆይቶ ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ሆነ። አዲስ አበባ ላይ የትግላችን ሐውልት በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ሲቆም፣ ሰሜን ኮሪያን የተዋጉት ዘማቾቻችን በገዛ አገራቸው አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ቹንቾን ላይ ግን ያ ቤት ስሙን አልቀየረም። አብዮታችን አልደረሰበትም። ዛሬም በከፈተው ቤተሰብ እጅ ነው። እኛ የከዳነውን አደራ ባለ ቡና ቤት ጠበቀልን፤ ይህን ነው ስድብ የምትለው?

ለመሆኑ፣ ወንድሜ፣ አፍንጮ በር ያለውን የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ስንቴ ገብተህ አየኸው? ፒያሳ ላይ አሮጌዎቹ ቤቶች ሲፈርሱስ ለቅርስ ያለህ ቁጭት የት ሄዶ ነበር?

ደግሞ እዚያው ቹንቾን በ1999 ዓ.ም. የተከፈተ የዘማቾቻችን መታሰቢያ አዳራሽ አለ። ጣሪያው በጎጆ ቤት አምሳል የተሠራ ነው። እሱን ያየ ሁሉ ያደንቃል፣ ፎቶ ይነሳበታል። ጎጆ ሲሆን ክብር፣ ቡና ሲሆን ስድብ?