ብረት ነው ካላችሁ ተዉልን

የመድን ድርጅቱ ደብዳቤ አጭር ነው። የአባቴ ፔጆ 404 ከጥገና በላይ ተጎድቷል። ካሳው የሚከፈለው ደግሞ መኪናው ከነሊብሬውና ከነታርጋው ለመድን ድርጅቱ ከተላለፈ በኋላ ነው። አስረክቡ፣ ገንዘባችሁን ውሰዱ፣ አለቀ። እኔን ያበሸቀኝ ግን ደብዳቤው አይደለም። መኪናው ለምን እኛው ጋ አይቀርም ብለን ስንጠይቅ የካሳ ክፍሉ ሰውዬ የሰጠን መልስ ነው። «አባባ፣ ይሄ ብረት ምን ያደርግልዎታል?» አለ።

በአንቱታ ነው ያለው። እኛ የሐረርና የድሬ ሰዎች ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ስንል አዲስ አበቤ ይስቅብናል። ይሳቅ። ከእንዲህ ዓይነቱ አንቱታ የእኛ «አንተ» የበለጠ ክብር አለው።

ስለ አደጋው ብዙ አልልም። ደንገጎ ላይ አንድ የጫት አይሱዙ ኩርባው ላይ ሊደርብ ወጣ። አባቴ ዳሩን ቢይዝም ፔጆዋ አላመለጠችም። ሰው ተርፏል፣ ተመስገን። ትራፊክ ፖሊስም ጥፋቱ የአይሱዙው ነው ብሎ ጽፏል። የጫት መኪና ለምን እንደዚያ እንደሚበር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይወጣዋል፤ ለዛሬ ልለፈው። ልብ በሉ ግን፣ ከፋዩ የአይሱዙው ኢንሹራንስ ነው። አባቴ ከዚያ ድርጅት ጋር ምንም ውል የለውም። ደንበኛቸው ሆኖ አያውቅም። አረቦን ከፍሏቸው አያውቅም። ፖሊሲያቸው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቦ አልፈረመም። እነሱ ግን የራሳቸውን አሠራር አምጥተው እሱ ላይ ይጭናሉ።

እስቲ ወደ ብረቱ እንመለስ። ብረት ከሆነ ለምን ፈለጋችሁት?

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ጥያቄ ውስጥ ነው። ገማቹ መጣ። መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ፎቶ አነሳ፣ ዕድሜዋን ቆጠረ። ያረጀች ናት፣ ገበያ የላትም፣ ዋጋ አታወጣም አለ። ከጋራዥ ያመጣነው ፕሮፎርማ እሱ ከገመተው ዋጋ በለጠ፤ ስለዚህ መጠገን አያዋጣም ተባለ። እሺ። እስከዚህ ድረስ መኪናዋ ብረት ናት። ቀጥሎ ግን ይኸው ብረት «ቅሪት» ይባልና ንብረት ሆኖ ቁጭ ይላል። ሊብሬ ይጠየቅለታል። መኪና የሚጭን ሎቤድ ይከራዩለታል። ከሐረር ተጭኖ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ፣ የተገጩ መኪኖች የሚከማቹበት ሪከቨሪ ግቢ ይገባል። ጋዜጣ ላይ የጨረታ ማስታወቂያ ይወጣለታል። ተጫራቹ ለማስያዣ የባንክ ሲፒኦ አሠርቶ፣ ዋጋውን በታሸገ ፖስታ አስገብቶ ይሻማበታል። ይሄ ሁሉ ለብረት ነው? ለብረትማ ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ ያልፍ የለ እንዴ!

ገማቹ ጋ ዋጋ ያጣ መኪና ጨረታ ላይ ዋጋ ካገኘ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ግምቱ የውሸት ነበር፣ ወይ ጨረታው ላይ የሚገዙት ሰዎች ሞኞች ናቸው። እኔ ደግሞ ሞኝ የመኪና ነጋዴ አይቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ የምለው በግምት እንዳይመስላችሁ። እኛው ሞክረነዋል። በቃ የቅሪቱን ዋጋ ቀንሳችሁ ቀሪውን ክፈሉን፣ መኪናዋን እኛ እናስቀራለን አልናቸው። ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። ያ ምን ያደርግልዎታል የተባለው ብረት በአንድ ጊዜ ዋጋ አወጣ። እንደ መኪና ስትገመት ርካሽ የነበረችው ፔጆ፣ እንደ ስብርባሪ ስትገመት ከዚያው ግምት ግማሽ በላይ ዋጋ ተቆረጠላት። አባቴ ሲሰማ ሳቀ። «እንግዲያው ሌላ አይሱዙ ቢገጫት ዋጋዋ የበለጠ ይጨምራል ማለት ነው» አለው ሰውዬውን። ሰውዬው አልሳቀም።

እንዲህ ዓይነት ሒሳብ የሚሠራው ዘመኑ ስለተመቸው ነው። ሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል። ከዚያም በፊት የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ 1186/2012 አሮጌ መኪና ማስገባትን የሀብታም ጨዋታ አድርጎታል። አገር ውስጥ ያለው የመኪና ዋጋ ጣራ ነካ። በሩ፣ መስታወቱ፣ ካምቢዮው፣ ፓራውልቱ ሳይቀር። በዚህ ገበያ ቅሪት ማለት ጥሬ ገንዘብ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ የገቡትማ ብሶባቸዋል። ብዙዎቹ ፖሊሲያቸው ላይ ያለው የመኪናቸው ዋጋ የተጻፈው በድሮው ብር ነው። ቅሪታቸው የሚሸጠው በዛሬው ብር። ልዩነቱ ማን ኪስ እንደሚገባ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ስለ ፔጆ ላውራ፤ ሐረሬ ሆኖ ስለ ፔጆ 404 ሳያወሩ መቅረት አይቻልም። ገማቹ «ያረጀ» ብሎ ያለፋት መኪና የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የቀረጻት ናት። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ ያሸነፈች ናት፤ ያውም በጭቃና በአቧራ። እዚህ ደግሞ ስንት ዘመን ፈረስ መጋላ ቆማ ሰው ስትጠብቅ፣ ሙሽራ ስትጭን፣ በሽተኛ ስታደርስ ኖራለች። አሁን መንገዱን ባጃጅ ወርሶታል። ጀጎልን ዩኔስኮ በ1998 ሲመዘግብ ግንቡንና ቤቶቹን መዘገበ፤ ፔጆዎቹን ያስታወሰ የለም። የቀሩትን ያቆየው የመካኒኮቻችን እጅ ነው።

የመካኒኮቹ ሥራ ደግሞ ያለ ቅሪት አይሆንም። ፈረንሳይ ውስጥ የ404 አውቶሞቢል ምርት የቆመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ሱቅ ገብተህ አዲስ ዕቃ አምጣ የምትለው ነገር የለም። አንዷ ፔጆ የምትሄደው ከሌላዋ በተፈታ ዕቃ ነው። አንድ የተገጨች ፔጆ ሐረር ከቀረች ዲፈረንሻሏ ለአንዱ፣ የኋላ በሯ ለሌላው፣ ራዲያተሯ ለሦስተኛው ይደርሳል። ባለቤቷም ከፈለገ ከሌሎቹ ለቃቅሞ እሷኑ ያስነሳታል። ባቲላሜራ የሚሠራው ሰው የአባቴን ፔጆ አይቶ «ሻንሲው አልተነካም፣ ትነሳለች» ብሏል። እኔ ከገማቹ ይልቅ እሱን አምናለሁ። እሱ ዕድሜውን ሙሉ የሠራው ፔጆ ነው። ገማቹ ኮፈኑን ለመክፈት እንኳ ማንሻውን ፈልጎ አጥቶ አባቴን ነው የጠየቀው።

ታዲያ ድርጅቶቹ ለዚህ ሁሉ የሚሰጡት ምክንያት ምንድን ነው? ደህንነት። ከጥገና በላይ የሆነ መኪና ተመልሶ መንገድ መውጣት የለበትም፣ ለእናንተው ነው ይሉናል።

ከሰማሁት ሁሉ ደካማው ይሄ ነው። እውነት አደገኛ ከሆነ ለምን በጨረታ ትሸጡታላችሁ? ቆራርጣችሁ አቅልጡታ! ጨረታ ያሸነፈው ሰው መኪናውን ገዝቶ የሚጸልይበት ይመስላችኋል? ያቃናዋል፣ ስቱኮ ይለጥፍበታል፣ ቀለም ይቀባዋል፣ ከዚያ «ግጭት የሌለው» ብሎ ይሸጠዋል። የሚገዛው ሰው የት ጋ እንደተመታ አያውቅም። አባቴ ግን የት ጋ እንደተመታች ያውቃል፤ ውስጧ ነበራ! ባለቤቱ ሲጠግናት አደገኛ፣ ነጋዴ ሲጠግናት ጤነኛ የምትሆንበት ምክንያት ካለ አስረዱኝ። ዓመታዊ ምርመራ አለ። ካለፈች ቦሎ ትለጥፋለች፣ ካላለፈች ግቢ ትቆማለች። ስለ ደህንነታችን እንዲህ እንቅልፍ ካጡ ደግሞ ያን አይሱዙ ፖሊሲ ሲሸጡለት ፍሬኑን አይተውለት ነበር?

ሁለተኛው ምክንያታቸው ማጭበርበር ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እውነት አለ፣ አልክድም። የተገጨ መኪና ሊብሬና የሻንሲ ቁጥር ለተሰረቀ መኪና ሽፋን እንዲሆን የሚፈልግ አለ። ግን ይህን የሚፈልገው ማነው? ለዓመታት በስሙ ግብር የከፈለባት፣ ሰፈሩ ሁሉ በታርጋዋ የሚያውቀው ሽማግሌ? ወይስ ባለቤቷን አይቶት የማያውቅ፣ በታሸገ ፖስታ የገዛት ነጋዴ? የማጭበርበሩን በር የሚከፍተው ጨረታው ራሱ ነው።

ሕግም ይጠቅሱልናል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንቀጽ 678፣ ካሳው አደጋው በደረሰበት ቀን ከነበረው የንብረቱ ዋጋ አይበልጥም ይላል። ልክ ነው፣ ይላል። ስለ ቅሪት ግን ትንፍሽ አይልም። ደግሞስ ይሄ በመድን ሰጪና በራሱ ደንበኛ መካከል ያለ ጉዳይ ነው፤ አባቴን ምን አገባው? አባቴን የሚመለከተው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2091 ነው። ካሳው ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ይሁን ይላል። እኩል። አባቴ ላይ የደረሰው ጉዳት የመኪናዋ መሰበር ነው። መኪናዋን ሰብሮ ስብርባሪዋንም መውሰድ ጉዳቱን ሁለት ያደርገዋል እንጂ እኩል አያደርገውም። ጠበቆች ይከራከሩበት፤ እኔ የማነበው አማርኛውን ነው።

ቅሪቱ ለባለቤቱ ከቀረ ኪሳራውን ሌላው ደንበኛ በአረቦን መልክ ይከፍለዋል የሚሉም አሉ። ቅሪቱ በትክክለኛ ዋጋ ለባለቤቱ ከተቀነሰ ድርጅቱ ምን ያጣል? ምንም። እንዲያውም ሎቤዱ ይቀርለታል።

ኢንሹራንስን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው። አንድ ገጽ መመሪያ ይበቃል። ባለንብረቱ ቅሪቱን የማስቀረት የቅድሚያ መብት ይኑረው። መኪናውን የገመተው ሰው ቅሪቱንም አይገምት፤ ቢያንስ ሁለቱ ግምቶች በአንድ ወረቀት ላይ፣ ጎን ለጎን ይጻፉ፣ እናያቸው ዘንድ። አላስቀርም ብሎ ላስረከበ ሰው ደግሞ ጨረታው ሲያልቅ ንብረቱ ስንት እንደተሸጠ በደብዳቤ ይነገረው። አስረክብ ለማለት ደብዳቤ መጻፍ ከቻሉ ይህንንም መጻፍ አያቅታቸውም። ከከፈሉት ካሳ በላይ የተሸጠ ካለም ትርፉ ማን ጋ እንደሄደ ይንገሩን። ካሳ ማትረፊያ አይደለም እያሉ ለእኛ ሲያነቡልን ኖረዋል። ጨረታውን ሲከፍቱ ለራሳቸውም ያንብቡት።